ወርሽ ሲቃረብ፦ እንቅስቃሴና ጉዞ ደረጃ በደረጃ

ሰባተኛ ወርሽን ካለፍሽ በኋላ ቤቱ ሁሉ አዋቂ ይሆንብሻል። አንዷ አክስት «ከአልጋ አትውረጂ» ትላለች፤ ሌላዋ ደግሞ «እኛ እኮ እስከ ምጣችን ቀን ውኃ ስንቀዳ ነበር» ብላ ጀሪካን ታቀብልሻለች። ሁለቱም ምክር ከፍቅር የመጣ ነው፤ ሁለቱም ግን አይሆንሽም። እክል የሌለባት ነፍሰ ጡር እስከ መጨረሻው ሳምንት መንቀሳቀስ ይገባታል፤ ረጅም መንገድ ግን ቀን ተቆጥሮለት የሚኬድ ነገር ነው። ከዚህ በታች ያለው የተጻፈው የመጨረሻዎቹን ሦስት ወራት እየሠራችና እየተራመደች ለምታሳልፍ፣ ምናልባትም የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ቤት ልትወልድ ጓዟን ለምትሸክፍ ሴት ነው።

1. ቀንሽን በሳምንት ቁጠሪ

እኛ እርግዝናን በወር እንቆጥራለን፤ አዋላጇም አየር መንገዱም የሚቆጥሩት በሳምንት ነው። «ስምንተኛ ወሬ ነው» ማለት ለመንገድ አይበቃም። ስምንተኛው ወር 32ኛ ሳምንትም 35ኛ ሳምንትም ሊሆን ይችላል፤ በሁለቱ መካከል ደግሞ ብዙ ነገር ይለወጣል።

የመጨረሻው የወር አበባሽ የጀመረበትን ቀን ያዢና 9 ወር ከ10 ቀን ጨምሪበት። የእኛ ወር እኩል 30 ቀን ስለሆነ ይህ ልክ 280 ቀን፣ ማለትም 40 ሳምንት ይሰጥሻል። ጥቅምት 10 የጀመረ ከሆነ የመውለጃ ቀንሽ ሐምሌ 20 አካባቢ ነው። ቆጠራው ጳጉሜንን የሚያልፍ ከሆነ በ10 ቀን ፋንታ 5 ቀን ብቻ ጨምሪ፤ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት ደግሞ 4። ስለዚህ የካቲት 8 የጀመረው ኅዳር 13 ላይ ይውላል ማለት ነው።

በዚሁ ስሌት 28ኛው ሳምንት የሚሞላው ከመነሻው 6 ወር ከ16 ቀን በኋላ፣ 36ኛው 8 ወር ከ12 ቀን በኋላ፣ 37ኛው 8 ወር ከ19 ቀን በኋላ ነው። ጳጉሜን መካከል ከገባች ከቀኑ ላይ 5 ቀንሺ፤ 6 በምትሆንበት ዓመት ደግሞ 6። እነዚህን ሦስት ቀኖችና የመውለጃ ቀንሽን ግድግዳው ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ አክብቢያቸው። ከ37ኛው ሳምንት በኋላ ሕፃኑ በማንኛውም ቀን ሊመጣ ይችላል፤ ስለዚህ ረጅም መንገድ ከዚያ በፊት ማለቅ አለበት። የወር አበባሽ የሚዛባ ከነበረ ግን ይህን ሁሉ ተይውና በመጀመሪያዎቹ ወራት የተነሣሽው አልትራሳውንድ የሰጠሽን ቀን ተከተዪ።

2. የክትትል ካርድሽን ይዘሽ ጠይቂ

ለክትትል ስትሄጂ ሁለት ጥያቄ ይዘሽ ግቢ፦ እንቅስቃሴ የሚከለክለኝ ነገር አለ? ይህን ያህል ሰዓት መንገድ ብሄድስ? በዚህ እርግዝና ደም ፈስሶሽ ከሆነ፣ እንግዴ ልጁ የማሕፀንን በር ከሸፈነ፣ የደም ግፊትሽ ከፍ ካለ፣ የእንሽርት ውኃ ከፈሰሰ፣ የማሕፀን በርሽ ቀድሞ የመከፈት ችግር ካለበት ወይም ከተሰፋ፣ ብርቱ የደም ማነስ ካለብሽ፣ ያለጊዜው ምጥ መጥቶብሽ የሚያውቅ ከሆነ ወይም መንታ ከያዝሽ፣ የሚቀጥለውን ሁሉ በራስሽ ፈቃድ ሳይሆን በሐኪምሽ ምክር አድርጊው።

እግረ መንገድሽን የደም ዓይነትሽን ካርድሽ ላይ እዪ። ነጌቲቭ ከሆንሽና የልጁ አባት ፖዘቲቭ ከሆነ፣ በተለምዶ ሾተላይ የምንለው ችግር እንዳይመጣ በ28ኛው ሳምንት አካባቢ የሚሰጥ መርፌ አለ። የተወለደው ሕፃን ደም ፖዘቲቭ ከሆነም ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ይደገማል። መድኃኒቱ በየቦታው አይገኝም። የምትወልጂበት ከተማ ውስጥ መኖሩን አሁኑኑ ስልክ ደውለሽ አረጋግጪ፤ አራስ ቤት ተኝቶ ባልን ከፋርማሲ ፋርማሲ ማሯሯጥ ያኔ አይሆንም።

3. በየቀኑ ተራመጂ

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር እክል የሌለባት ነፍሰ ጡር በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንድታደርግ ይላል። በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን ግማሽ ሰዓት ማለት ነው። ግማሽ ሰዓቱ ከከበደሽ በአሥር በአሥር ደቂቃ ከፋፍዪው። እስከ ዛሬ ተቀምጠሽ የቆየሽ ከሆነም በአሥር ደቂቃ ጀምሪና በየሳምንቱ ትንሽ ጨምሪበት።

ፍጥነቱን በአፍሽ ለኪው። እየሄድሽ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳታቋርጪ መናገር ከቻልሽ ልክ ነሽ። ትንፋሽሽ ቃሉን ለሁለት ከቆረጠው ቀንሺ። መዝፈን ከቻልሽ ደግሞ ትንሽ ፍጠኚ።

ሰዓቱ ጠዋት፣ ፀሐይ ሳይበረታ ይሁን። የወገብሽ ክብደት ወደ ፊት ስለሄደ ሚዛንሽ የድሮው አይደለም፤ ነጠላ ጫማና ተረከዝ ያለው ጫማ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆዩ፣ ከኋላ የሚይዝ ዝቅ ያለ ጫማ አድርጊ። አዲስ አበባ ያለሽ ከሆነ በኮሪደር ልማት የተሠሩት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ለዚህ ተመችተዋል፤ ዝናብ ሲዘንብ ግን አንዳንዱ ንጣፍ ያንሸራትታል፣ በክረምት ጠንቀቅ በዪ። ሥራ የምትውዪ ከሆነ ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድመሽ መውረድ ይበቃሻል። የእንጦጦን ዳገት ለመውጣት ግን ይህ ጊዜው አይደለም።

ባዶ ሆድሽን አትውጪ። ጾም ላይ ከሆንሽ የንስሐ አባትሽን አማክሪ፤ ብዙ አባቶች ነፍሰ ጡር እንድትበላ ይመክራሉ። እስልምናም ለራሷ ወይም ለጽንሷ የምትሰጋ ነፍሰ ጡር እንድታፈጥር ይፈቅዳል። ቅዳሴ ላይም ረጅም ሰዓት መቆም ማዞር ያመጣል፤ ተቀመጪ። የሚቆጣሽ ካለ ሆድሽን ያላየ ነው።

ከእርምጃው ጋር ሦስት ነገር ጨምሪ። የመጀመሪያው የዳሌ ወለል ጡንቻ ነው፦ ሽንት እንደምትይዥ አድርገሽ ወደ ውስጥ ሳቢ፣ እስከ አምስት ቁጠሪ፣ ልቀቂ፤ አሥር ጊዜ፣ በቀን ሦስቴ። ታክሲ ሰልፍ ላይም ይሠራል፣ ማንም አያውቅብሽም። ሁለተኛው ለወገብ ሕመም ነው፦ ምንጣፍ ላይ በእጅና በጉልበትሽ ሁኚና ወገብሽን ወደ ላይ አጉብጪ፣ ከዚያ ቀስ ብለሽ ወደ ቀጥታው መልሺው፤ ወደ ታች ግን አታስርጊው። ሦስተኛው የአልጋ ራስጌ ወይም ጠንካራ ወንበር ይዞ ቁጢጥ ብሎ መነሣት ነው፤ ጉልበትሽ እስከፈቀደ ድረስ ብቻ። በጀርባ ተኝቶ የሚሠራ እንቅስቃሴ ከእንግዲህ ይቅር፤ የከበደው ማሕፀን ወደ ልብ የሚመለሰውን ትልቁን የደም ሥር ስለሚጫን ያዞርሻል፣ ወደ ሕፃኑ የሚሄደውም ደም ይቀንሳል። ከ28ኛው ሳምንት ጀምሮ ስትተኚም በጎንሽ ተኚ። ሌሊት ነቅተሽ በጀርባሽ ሆነሽ ብታገኚው ግን አትደንግጪ፤ ዞር በዪና ተኚ።

4. የቤት ሥራውን አቀማመጡን ቀይሪ

ጀሪካን አታንሺ። ባለ 20 ሊትሩ ሲሞላ ከ20 ኪሎ በላይ ነው፤ ባልሽ፣ ወንድምሽ፣ የጎረቤት ልጅ፣ ማንም ይሁን ያንሣው። ልብስ ስታጥቢ ሳፋውን መሬት ላይ አታስቀምጪ፤ ወንበር ወይም ጠረጴዛ ላይ አውጪውና ቀጥ ብለሽ እጠቢ። ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ቡና ስታፈዪ መቀመጡ አይጎዳም፣ መነሣቱ ነው የሚያስቸግረው፤ በአጠገብሽ የምትደገፊበት ነገር ይኑር፣ አለዚያ ረከቦቱን ከፍ ወዳለ ቦታ አዛውሪው። እንጀራ መጋገር የግድ ከሆነብሽ በርና መስኮት ክፈቺ፣ የምትቀመጪበትን አመቻቺ፣ በየመካከሉም ከሙቀቱ ራቅ ብለሽ ውኃ ጠጪ። ጭስ ያለበት ምድጃ ከሆነ ሌላ ሰው ይጋግር።

ከአልጋ ስትነሺ በሆድሽ ጉልበት ቀጥ ብለሽ አትነሺ። ወደ ጎን ዙሪ፣ እግርሽን ከአልጋው አውርጂ፣ ክንድሽን ተመርኩዘሽ ተቀመጪ፣ ትንሽ ቆይተሽ ቁሚ።

«ሕፃኑን እናስተካክል» ብሎ ሆድ የሚያሽ ሰው ከመጣ በትሕትና መልሺው። ማሸት እንግዴ ልጁን ከቦታው ሊያላቅቅና ደም ሊያስፈስስ ይችላል።

5. የት እንደምትወልጂ ወስኚ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ቁጠሪ

ብዙ ሴቶች ጉዞውን ይወስኑና የመውለጃውን ቦታ ለደረሱበት ጊዜ ይተዉታል። ተገላቢጦሽ ነው። እናትሽ ቤት መሄድሽ መልካም ነው፤ ገንፎውም እንክብካቤውም እዚያ አለ። ግን ከእናትሽ ቤት እስከ ጤና ጣቢያው ስንት ሰዓት ነው? ቀዶ ሕክምና የሚሰጠው ሆስፒታልስ? ሌሊት መኪና ይገኛል? መልሱ የማያስተማምን ከሆነ በብዙ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ግቢ የእናቶች ማቆያ ቤት አለ፤ ራቅ ካለ ቦታ የመጡ ነፍሰ ጡሮች ምጥ እስኪይዛቸው የሚቆዩበት ነው። በጉራጌ የሚገኘው አጣጥ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት ይህን አገልግሎት ሲሰጥ ቆይቷል። ለወረዳሽ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ደውለሽ መኖሩን ጠይቂ።

ቀድሞ በቀዶ ሕክምና ወልደሽ ከሆነ ምርጫው ጠባብ ነው፦ ቀዶ ሕክምና የሚሠራ ሆስፒታል አጠገብ ሁኚ።

ቦታው ከተወሰነ በኋላ ጉዞሽን ቢቻል ከ34ኛው ሳምንት በፊት ጨርሺ። በእኔ ግምት ከሁሉ የተሻለው ከ28ኛው እስከ 32ኛው ያለው ጊዜ ነው፤ ከደረስሽ በኋላ ከአዲሱ ጤና ጣቢያ ጋር ለመተዋወቅ ጊዜ ይኖርሻል።

ስለ ስለትም አንድ ነገር ልበል። ለቁልቢ ገብርኤል ተስለሽ ይህን ልጅ ያገኘሽ ከሆነ ታኅሣሥ 19ም ሆነ ሐምሌ 19 ያ ሁሉ ሕዝብ በሚጋፋበት ቦታ ቀኑ የደረሰ ሆድ ይዘሽ መሄድ የለብሽም። ስለቱ ልጁን ታቅፈሽ ስትሄጂ ይደርሳል።

6. ቦርሳሽን አዘጋጂ

የሚከተሉት በእጅሽ በሚቆየው ቦርሳ ውስጥ ይሁኑ፤ ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ከሚጫነው ሻንጣ ጋር አይሂዱ፦ የክትትል ካርድሽ፣ የአልትራሳውንድ ውጤት፣ የደም ዓይነትሽ የተጻፈበት ወረቀት፣ የምትወስጃቸው መድኃኒቶች የብረት ኪኒኑን ጨምሮ፣ መታወቂያ፣ ንጹሕ ጨርቅና ሁለት ፎጣ፣ የሕፃን ብርድ ልብስና ኮፍያ፣ የንጽሕና መጠበቂያ፣ ውኃ፣ ቆሎ ወይም ዳቦ። ካርዱን በስልክሽም ፎቶ አንሺው። በመንገድሽ ላይ ያሉትን ሆስፒታሎች በቅደም ተከተል ጽፈሽ አብራሽ ለምትሄደው ሰው ስጪ። ብቻሽን አትሂጂ።

7. በመኪናና በአውቶቡስ

ከጉዞው ዋዜማ የመንገዱን ሰላም ከዚያው ከሚኖሩ ሰዎች ጠይቂ። መንገድ ተዘግቶ በረሃ ላይ ማደር ለማንም ከባድ ነው፤ ለአንቺ ደግሞ አደጋ ነው። ጥርጣሬ ካለ ወይ በአውሮፕላን ሂጂ ወይ ባለሽበት ውለጂ፤ እናትሽ ይምጡልሽ።

የደህንነት ቀበቶ ሕፃኑን ይጎዳል የሚለው ስሕተት ነው፤ የሚጎዳው አለማሰር ወይም አላግባብ ማሰር ነው። የታችኛውን ክፍል ከሆድሽ ሥር አውርጂውና በሁለቱ የዳሌ አጥንቶችሽ ላይ አጥብቂው። የላይኛው በትከሻሽ መጥቶ በጡቶችሽ መካከል ያልፍና ከሆድሽ ጎን ይወርዳል። ምንም ክፍሉ በሆድሽ ላይ እንዳያልፍ። ራስሽ የምትነጂ ከሆነ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳቢ፤ በመሪውና በደረትሽ አጥንት መካከል ቢያንስ 25 ሴንቲ ሜትር ይኑር። ቀበቶ የሌለው ሚኒባስ ለረጅም መንገድ አይሆንም።

አውቶቡስ ከሆነ ትኬቱን ቀደም ብለሽ ቁረጪና ከመካከል ወደ ፊት ያለ፣ በመተላለፊያው በኩል ያለ ወንበር ምረጪ። የኋለኛው ወንበር ጉድጓዱን ሁሉ ወገብሽ ላይ ያወርደዋል። ሳትነሱ ረዳቱን አናግሪው፦ «ወንድሜ፣ እንደምታየኝ ነኝ፤ በየሁለት ሰዓቱ ለአምስት ደቂቃ ብታቆሙልኝ»። ተሳፋሪው ያጉረመርማል ብለሽ አትፍሪ፤ እርጉዝ ናት ከተባለ ብዙውን ጊዜ ሴቶቹ ራሳቸው «አቁም» ይሉልሻል። ሲቆም ውረጂና ተራመጂ። ተቀምጠሽም ሳለ በየግማሽ ሰዓቱ ቁርጭምጭሚትሽን አዙሪ፣ የእግር ጣቶችሽን ወደ ራስሽ ሳቢና ዘርጊ። በእርግዝና ጊዜ ደም ቶሎ ይረጋል፤ ያለ እንቅስቃሴ ለሰዓታት መቀመጥ እግር ውስጥ ደም እንዲረጋ ያደርጋል።

ሌላው ነገር ውኃ ነው። ሴቶቻችን መንገድ ላይ ሽንት ቤት አይገኝም ብለው ከዋዜማው ጀምሮ ውኃ ይተዋሉ። በዚህ ወር ይህን አታድርጊ፤ የውኃ እጥረት የማሕፀን መኮማተርን ያመጣል፣ ሽንት መያዝም ለኢንፌክሽን ይዳርጋል። ሰፊ ቀሚስ ልበሺ፣ ነጠላ ያዢ፣ አብራሽ ያለችው ሴት ትጋርድሽ።

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በመኪና የምትሄዪ ከሆነ መንገዱን ለሁለት ክፈዪውና ደብረ ማርቆስ እደሪ። የዓባይን በረሃ ከመውረድሽ በፊት ጎሐ ጽዮን ላይ ቁሚ፦ ሽንትሽን ሽኚ፣ ትንሽ ብዪ፣ ልብስ ቀንሺ። ከዚያ መንገዱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል እየተጠማዘዘ ይወርዳል፣ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ደጀን ይወጣል፤ ሙቀቱና ጥምዝምዙ ያቅለሸልሻል። በጠዋት ማለፍ ይሻላል። የታጠፈ ጋቢ ከወገብሽ ጀርባ አድርጊ፤ ዓይንሽን ስልክ ላይ ሳይሆን ከፊት ባለው መንገድ ላይ አሳርፊ።

ሞተር ብስክሌት ጨርሶ አይሆንም። ባጃጅም በኮብልስቶን ላይ ሲፈጥን ይገለበጣል፤ ከመናኸሪያ እስከ ቤት የግድ ከሆነ ሾፌሩን ቀስ እንዲል አጥብቀሽ ንገሪው።

8. በአውሮፕላን

አብዛኞቹ አየር መንገዶች ከ28ኛው ሳምንት በኋላ የሐኪም ደብዳቤ ይጠይቃሉ፤ አንድ ልጅ ለያዘች ከ36ኛው፣ መንታ ለያዘች ከ32ኛው ሳምንት በኋላ አያሳፍሩም። ልዩነት ስላለ የምትሄጂበትን አየር መንገድ ደንብ ትኬት ሳትቆርጪ ጠይቂ። ደብዳቤው የመውለጃ ቀንሽን፣ ነጠላ ወይም መንታ መሆኑን፣ እክል እንደሌለና መብረር እንደምትችዪ፣ የተጻፈበትንም ቀን ይያዝ። በፈረንጅ አቆጣጠር ይጻፍ፤ ከጅዳ ወይም ከዱባይ የምትመጪ ከሆነ ይህ በተለይ ያስፈልጋል። ደርሶ መልስ ከሆነ ሳምንቱን የምትቆጥሪው በመመለሻው ቀን ነው።

የአውሮፕላን አየር ያሳስበኛል ለምትይ፦ በበረራ ላይ የውስጡ ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ባለ ከፍታ ካለው ጋር ይመሳሰላል። አዲስ አበባ የምትኖሪ ከሆነ ሰውነትሽ የለመደው ነው። የሚያስቸግረው የመቀመጡ ርዝመት ነው። ከአራት ሰዓት ለሚበልጥ በረራ እግር የሚያጠብቅ ካልሲ አድርጊ፣ በመተላለፊያው በኩል ተቀመጪ፣ በየሰዓቱ ተነሥተሽ ተራመጂ። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ ለዚህኛው ጉዞ እናትን ወደዚያ ማምጣት ብዙ ጊዜ ይቀላል።

9. ስትደርሺ

በመጀመሪያው ሳምንት እዚያ ያለው ጤና ጣቢያ ሄደሽ ካርድሽን አሳዪ። ከ2,000 ሜትር በታች ያለ አገር ከሆነ፣ ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ፣ አርባ ምንጭ፣ ጋምቤላ ሁሉ በዚህ ውስጥ ናቸው፣ ከመጀመሪያዋ ሌሊት ጀምሮ አጎበር ውስጥ ተኚ። ወባ በነፍሰ ጡር ላይ ይከብዳል፤ ትኩሳት ከተሰማሽ በዚያው ቀን ተመርመሪ። በተቃራኒው ከቆላ ወይም ከዓረብ አገር ወደ ደብረ ብርሃን የወጣሽ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ቀናት በዝግታ አሳልፊ፤ ደረጃና ዳገት ይቆይሽ።

10. እነዚህን ካየሽ ጉዞውም እንቅስቃሴውም ይቁም

ደም መፍሰስ፣ ውኃ መፍሰስ፣ የማይለቅ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ ድንገተኛ እብጠት፣ ከጎድን አጥንት ሥር ብርቱ ሕመም፣ ትኩሳት፣ የደረት ሕመም፣ የአንድ እግር ባት ማበጥና መታመም፣ ከ37ኛው ሳምንት በፊት እየተመላለሰ የሚመጣ ቁርጠት። «ሊወለድ ሲል ዝም ይላል» የሚባለውም እውነት አይደለም፤ ሕፃኑ እስከ ምጥ ድረስ እንደ ልማዱ ይንቀሳቀሳል። ከለመድሽው ከቀነሰ እስከ ነገ አትጠብቂ። በአቅራቢያሽ ያለ ጤና ተቋም ሂጂ፤ በመንግሥት ተቋማት የወሊድ አገልግሎት በነጻ ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ 907 ነው።

ምጥ መንገድ ላይ ከያዘሽ መኪናው ወደ ቅርቡ ጤና ጣቢያ ይዙር፤ ወደ ታሰበው ከተማ ለመድረስ አትሽቀዳደሙ። ሕፃኑ ከቀደመ መኪናው ቆሞ፣ አብራሽ ያለችው ሴት እጇን ታጥባ ትቀበለው። ወዲያው በፎጣ አድርቃ ራቁት ደረትሽ ላይ ታድርገው፤ ሁለታችሁንም ትሸፍን፤ ኮፍያውን ታድርግለት። እትብቱን ማንም አይሳብ፣ ባገኘው ምላጭም አይቁረጥ። ጡትሽን ስጪው። እንግዴ ልጁ ከወጣ በፌስታል ከሕፃኑ ጋር ይሂድ፤ ካልወጣም ሳትጠብቁ ወደ ጤና ጣቢያው ቀጥሉ።